ለአፍታ የሚበረታ ሞተር፦ የቻርልስ ኬተሪንግ ሕይወትና የኸላጣችን ምስጢር

በምትሠሩበት ቤት ያሉትን ሞተሮች እስቲ ቁጠሯቸው። ገሳላው ውስጥ አንድ አለ፣ መክነሳው ውስጥ አንድ፣ ኸላጡ ውስጥ አንድ፣ ተላጃው ጀርባ አንድ፣ አየር ማቀዝቀዣው ውስጥ ደግሞ ከአንድ በላይ። ደጅ የቆመው መኪናም ሾፌሩ ቁልፍ ሲጠመዝዝ የሚነሣው በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የአገራችን መካኒኮች ሞተሪኖ ይሉታል። ሁሉም ኮረንቲ ይበላሉ፣ ሁሉም ይሽከረከራሉ፤ ግን አቅማቸው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ ምንም አይሆንም፤ ሌላው ጥቂት ደቂቃ ካለፈው መሽተት ይጀምራል።

ኸላጡ ሲቃጠል ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ዛሬ የአንድ ሰው ታሪክ ልንገራችሁ። ይህ ሰው አንድ ሞተር ያለማቋረጥ በሚሠራው ሥራና ለአፍታ በሚሠራው ሥራ መካከል ያለውን ልዩነት አውቆ፣ በዚያ ዕውቀት የዓለምን መኪና የቀየረ ነው። ስሙ ቻርልስ ፍራንክሊን ኬተሪንግ ይባላል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዓይኑ ያስቸገረው የገበሬ ልጅ

ኬተሪንግ የተወለደው ኦገስት 29 ቀን 1876 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ላውደንቪል በምትባል ከተማ አቅራቢያ ነው። ቤተሰቦቹ ገበሬዎች ነበሩ። ልጁ ጎበዝ ተማሪ ቢሆንም ዓይኑ ደካማ ነበር፤ ትንሽ ሲያነብ ራሱን ያመው ነበር። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ በገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። ከዚያም ዉስተር ወደሚባለው ኮሌጅ፣ በኋላም ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ነገር ግን መጽሐፉ ሲበዛበት ዓይኑ እምቢ አለ፤ ትምህርቱን አቋርጦ መውጣት ግድ ሆነበት።

በዚያ የዕረፍት ጊዜ ግን ቁጭ አላለም። የስልክ መስመር ከሚዘረጉ ሠራተኞች ጋር ተቀጠረ። ምሰሶ መትከል፣ ሽቦ መወጠር፣ ጉድጓድ መቆፈር የዓይን ሥራ አይደለም፣ የክንድ ሥራ ነው። ውሎ አድሮ የቡድኑ ኃላፊ ሆነ። በዚሁ የስልክ ሥራ ላይ እያለ ኦሊቭ ዊሊያምስ ከምትባል ወጣት ጋር ተዋወቀ፤ በ1905 ተጋቡ። ዓይኑ ሲሻለው ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሰ። አብረውት የሚኖሩ ጓደኞቹ መጽሐፉን ጮክ ብለው እያነበቡለት፣ እሱ እያዳመጠ፣ በ1904 በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመረቀ። ያኔ ዕድሜው ወደ 28 እየተጠጋ ነበር። የዕድሜ እኩዮቹ ቀድመውት ነበር፤ ግን ዓይኑን እስከመጨረሻው ቢያስጨንቀው ኖሮ ጨርሶ ላይመረቅ ይችል ነበር።

ከገንዘብ መመዝገቢያ የተማረው

እንደተመረቀ ዴይተን በምትባል ከተማ የካሽ ሬጅስተር ማሽን በሚሠራ ናሽናል ካሽ ሬጅስተር የተባለ ኩባንያ ተቀጠረ። በዚያ ዘመን ሻጩ ሂሳቡን ከመታ በኋላ መሣቢያው እንዲከፈት በማሽኑ ጎን ያለውን እጀታ በእጁ ማዞር ነበረበት። ቀኑን ሙሉ ሲያዞር የሚውል ሰው ይደክማል። ኬተሪንግ ይህን ሥራ ኤሌክትሪክ እንዲሠራው የማድረግ ኃላፊነት ተሰጠው፤ በ1906ም አሳካው።

ችግሩ የት ነበር? ማሽኑ ከባድ ነው፤ እሱን ለማዞር ጠንካራ ሞተር ይፈልጋል። ጠንካራ ሞተር ደግሞ ትልቅ ነው፤ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ ባለች ማሽን ውስጥ አይገባም። ኬተሪንግ ግን ሌላ ነገር አስተዋለ። ይህ ሞተር የሚሠራው ሽያጭ ሲኖር ብቻ ነው። ለአንድ አፍታ ይዞራል፣ ከዚያ ቀጣዩ ደንበኛ እስኪመጣ ያርፋል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ የሚቃጠል ትንሽ ሞተር፣ ለአፍታ ብቻ ከሆነ ከመጠኑ በላይ ሊበረታ ይችላል።

ይህን ለመረዳት የኤሌክትሪክ ትምህርት አያስፈልግም፤ አንድ ባልዲ ይበቃል። ከታች በኩል ትንሽ ቀዳዳ ያለው ባልዲ ከቧንቧ ሥር አስቀመጣችሁ እንበል። ቧንቧው ሞተሩ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ነው፣ ቀዳዳው ሙቀቱ ወደ አየር የሚወጣበት መንገድ ነው፣ የውሃው ከፍታ ደግሞ ሞተሩ ምን ያህል እንደጋለ ነው። ቧንቧውን በትንሹ ብትከፍቱት ውሃው ትንሽ ከፍ ይልና አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ሆነዋል ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ ሌት ተቀን ቢፈስስም ባልዲው ሞልቶ አይፈስስም። ሞተር ያለማቋረጥ ሊሸከመው የሚችለው ኮረንቲ የሚባለው ይህ ነው።

አሁን ቧንቧውን እስከመጨረሻው ክፈቱት። ቀዳዳው አይችለውም፤ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል። ግን ባልዲው ከመሙላቱ በፊት ከዘጋችሁት ምንም አይፈስስም። ለአጭር ጊዜ የተፈቀደ ኮረንቲ ማለት ይህ ነው። ከዘጋችሁት በኋላ ውሃው በቀዳዳው እስኪወርድ መጠበቅ አለባችሁ። ሳይወርድ መልሳችሁ ብትከፍቱት የምትጀምሩት ከባዶ ሳይሆን ከግማሽ ነው፤ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ቶሎ ይሞላል።

ሌላም ነገር አለ። ሞተሩ ውስጥ የተጠቀለለው የመዳብ ሽቦ የሚያወጣው ሙቀት ከኮረንቲው ጋር በእኩል አያድግም። ኮረንቲው ሁለት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ዘጠኝ እጥፍ። ሽቦው ላይ የተቀባው ስስ ልባስ ሙቀቱን ካልቻለ ይጠቁራል፣ ይሰነጠቃል፣ ሽቦና ሽቦ ይነካካሉ። ያኔ ነው ሞተሩ ተቃጠለ የምንለው።

ክንድ ይሰብር የነበረው ማኖቬላ

በዚያን ጊዜ መኪና የሚነሣው በማኖቬላ ነበር። ሾፌሩ ከፊት ለፊት ቆሞ የብረት እጀታውን ከሞተሩ ጋር አያይዞ በኃይል ያዞራል። ሞተሩ አንዳንዴ ወደኋላ ይመታ ነበር፤ ያኔ እጀታው ተመልሶ አውራ ጣት፣ የእጅ አንጓ፣ ክንድ፣ አልፎም መንጋጋ ይሰብራል። ጉልበት የሌለው ሰው ቤንዚን መኪና ብቻውን ማስነሣት አይችልም ነበር። በዚህ ምክንያት ለሴቶች ይቀርብ የነበረው ብዙውን ጊዜ ማኖቬላ የማይፈልገው የባትሪ መኪና ነበር።

ኬተሪንግ ከኤድዋርድ ዲድስ ጋር፣ ማታ ማታ በዲድስ ግቢ ባለ የጋሪ ማቆሚያ ቤት ውስጥ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር እየተሰበሰቡ መሞከር ጀመሩ። ቀን የመሥሪያ ቤት ሥራ፣ ማታ የራሳቸው ሥራ። በ1909 ዴልኮ የተባለ ኩባንያ አቋቋሙ። መጀመሪያ የሠሩት ለካዲላክ መኪና የተሻለ የእሳት ማቀጣጠያ ነበር። የካዲላክ ኃላፊ ሄንሪ ሊላንድ ማኖቬላው ይቅርልኝ ሲል የዞረው ወደ እነሱ ነበር። ሊላንድን ያነሣሣው፣ ቆማ የቀረች የሴት መኪና ለማስነሣት ሲረዳ በማኖቬላ ተመትቶ በኋላ የሞተው ወዳጁ ባይረን ካርተር ነው እየተባለ ይነገራል።

ብዙ መሐንዲሶች ነገሩ አይሆንም አሉ። ሒሳባቸው ትክክል ነበር፤ የመኪናን ሞተር ለማዞር የሚበቃ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ያለማቋረጥ ይሥራ ከተባለ፣ መኪናው የማይሸከመው ትልቅና ከባድ ነገር ይሆናል። ስህተታቸው ከጥያቄው ነበር። መኪና ለመነሣት የሚያስፈልገው ጥቂት ሰከንድ ነው። ከዚያ በኋላ ቤንዚኑ ራሱ ይሠራል። ኬተሪንግ ከካሽ ሬጅስተሩ ያገኘውን ትምህርት እዚህ አመጣው፤ ትንሽ ሞተር፣ ከባትሪ የሚመጣ ብርቱ ኮረንቲ፣ የሞተሩን ፍጥነት ወደ ጉልበት የሚቀይር ጥርስ፣ ከዚያ ዕረፍት። ብልሃቱ በዚህ አላበቃም። መኪናው ከተነሣ በኋላ ያው ማሽን በተራው በመኪናው እየተሽከረከረ እንደ ዲናሞ ባትሪውን ይሞላል፣ መብራቱንም ያበራል።

በፌብሩዋሪ 1911 ለካዲላክ ሰዎች አሳዩ። በ1912 ሞዴል ካዲላክ መኪናዎች ላይ ተገጥሞ ወጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማኖቬላ የድሮ ነገር ሆነ፤ ቤንዚን መኪናን ማንም ሰው ተቀምጦ ማስነሣት ቻለ።

ሞተሪኖ ዛሬም በዚያው ሕግ ይሠራል። መኪና አልነሣ ሲል ቁልፉን ከ10 ሰከንድ በላይ ይዞ አለመቆየት፣ ትንሽ አሳርፎ መሞከር የሚመከረው ለዚህ ነው።

ወደ ማድቤት ስንመለስ

ኸላጥም የሞተሪኖ ዘመድ ነው። አንድ የቤት ቬንትሌተር ወደ 50 ዋት ቢበላ፣ ኸላጥ 500 ዋትና ከዚያ በላይ ሊበላ ይችላል። ግን ቬንትሌተሩ ሌሊቱን ሙሉ ይዞራል፣ ኸላጡ ጥቂት ደቂቃ ነው የተፈቀደለት። ዋት ሲበዛ ሞተሩ ብዙ ሰዓት ይችላል ማለት አይደለም። ዋቱ ምን ያህል እንደሚበላ ይናገራል እንጂ ስንት ደቂቃ እንደሚችል አይናገርም።

ደቂቃው የሚገኘው ከሥሩ ወይም ከጀርባው በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ነው። ኬ እና ቢ የተባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ከአጠገባቸውም ቁጥር ብታዩ፣ ፊደሎቹ በጀርመንኛ አጭር ሥራ የሚለው ቃል ምሕፃር ናቸው፤ ቁጥሩ ደቂቃ ነው። ትላልቅ የፋብሪካ ሞተሮች ላይ ደግሞ ኤስ1 ያለማቋረጥ የሚሠራ፣ ኤስ2 ለተወሰነ አጭር ጊዜ የሚሠራ ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ ከሌለ መመሪያው መጽሐፍ ውስጥ አለ። ዓረብኛውን ማንበብ ለምትችሉ፣ ሙስተሚር የሚለው ያለማቋረጥ ማለት ነው፣ ራሓ ዕረፍት ነው። ደቂቃ ደግሞ በዓረብኛም ደቂቃ ነው። ብዙ የቤት ኸላጦች ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ብቻ ያለማቋረጥ እንዲሠሩ ነው የሚፈቀደው።

ሰሌዳ ማየት ሳያስፈልግ የሚታወቁም ነገሮች አሉ። ሞተር በጣም የሚጎዳው ተይዞ መዞር ሲያቅተው ነው። በረዶ ወይም ወፍራም ነገር ምላጩን ይዞት እምምም ብሎ ብቻ ከጮኸ ወዲያውኑ አጥፉት፤ ያን ጊዜ የሚገባው ኮረንቲ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ነው፣ ማቀዝቀዣ ፋኑም ቆሟል። ብዙ ነገር ሲፈጭ በትንሽ በትንሹ እያደረጋችሁ፣ በመሐል አሳርፉት። መክነሳን ብዙውን ጊዜ የሚያቀዘቅዘው ራሱ የሚስበው አየር ነው፤ ከረጢቱ ሲሞላ ወይም ቱቦው ሲደፈን አየሩም ስለሚያንስ ሞተሩ ይግላል። በድንገት ራሱን ካጠፋ፣ ምናልባት ውስጡ ያለው የሙቀት መከላከያ አስቁሞት ይሆናል፤ ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ከረጢቱንና ቱቦውን አጽድታችሁ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁት።

ቸኩላችሁ እንድትቀጥሉ ስትጠየቁ የምትሉት ከፈለጋችሁ፣ አል-ሞቶር ሓር፣ ላዚም ይርታሕ ማለት ይቻላል። ሞተሩ ግሏል፣ ማረፍ አለበት ማለት ነው። ሰሌዳውን ብታሳዩ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ነገሩ የእናንተ ስንፍና ሳይሆን የፋብሪካው ትእዛዝ መሆኑን ይመሰክርላችኋል።

ሙቀት የረታው ጊዜ

ዴልኮ በ1916 ተሸጠ፣ ኬተሪንግም ሀብታም ሆነ። ከ1920 ጀምሮ የጄኔራል ሞተርስን የምርምር ክፍል መራ፤ ጡረታ የወጣው በ1947 ነው። በስሙ የተመዘገቡት ፈጠራዎች ከ100 በላይ ናቸው። ከልጁ ከዩጂን ጋር የሠሩት የናፍጣ ሞተር የአሜሪካን ባቡሮች ከእንፋሎት እንዲላቀቁ ረድቷል።

ሁሉም ግን አልተሳካለትም። ውሃ የማይፈልግ፣ በመዳብ ክንፎች አማካኝነት በአየር የሚቀዘቅዝ የሼቭሮሌ መኪና ሞተር ሠርቶ ነበር። በ1923 ለገበያ ሲወጣ፣ ሲግል ጉልበት እያጣ አስቸገረ። ኩባንያው መኪናዎቹን መልሶ ሰበሰበ። ስለ ሞተር ሙቀት ያን ያህል የሚያውቅ ሰው በሙቀት ተረታ። ሥራውን እንደሚለቅ ቢያሳውቅም አለቃው አልፍሬድ ስሎን አስቀረው።

ከዚያ የከፋው ግን የእርሳሱ ጉዳይ ነው። በ1921 በእሱ ሥር ይሠራ የነበረው ቶማስ ሚድግሊ፣ የእርሳስ ውሁድ ቤንዚን ውስጥ ሲጨመር የሞተር መንኳኳትን እንደሚያጠፋ አገኘ። ለሽያጩ በ1924 ኤቲል የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ኬተሪንግ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በኒው ጀርሲ ፈሳሹን በሚያመርት ፋብሪካ አምስት ሠራተኞች በእርሳስ መርዝ አእምሯቸው ታውኮ ሞቱ። ሽያጩ ለጥቂት ጊዜ ቢቆምም ቀጠለ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። እርሳስ ሰውነት ውስጥ የሚሠራው ልክ እንደዚያ ባልዲ ነው። በየቀኑ የሚገባው ጥቂት ነው፣ ቀዳዳው ግን እጅግ ጠባብ ነው። ከአጥንት ለመውጣት ዓመታት ይፈልጋል። አንድ ቀን ሲታይ ምንም የማይመስለው መጠን፣ ሳይቋረጥ ሲገባ ይጠራቀማል፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ለሞተር፣ ምን ያህል ብቻ ሳይሆን ለስንት ጊዜ ብሎ የጠየቀው ሰው፣ ለሰው ልጅ ያንን ጥያቄ በሚገባው መጠን አልጠየቀም። ዓለም እርሳስ ያለበትን የመኪና ቤንዚን ጨርሶ ያቆመው በ2021 ነው፤ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ነበረች።

ከዚሁ ምርምር ክፍል ለማቀዝቀዣ የሚሆን ፍሪዮን የተባለ ጋዝም ወጣ። በዚያን ጊዜ በማቀዝቀዣዎች ውስጥ የነበሩት ጋዞች ከሾለኩ ሰው ይገድሉ ስለነበር እንደ ትልቅ እፎይታ ተቆጠረ። በኋላ ግን እነዚህ ጋዞች የምድርን የኦዞን ሽፋን እንደሚበሉ ታወቀ፤ በ1987 በሞንትሪያል ስምምነት አገሮች ሊያስቀሯቸው ተስማሙ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1945 ስሎንና ኬተሪንግ ስማቸውን የያዘ የካንሰር ምርምር ተቋም በኒው ዮርክ እንዲቋቋም አደረጉ። በቀጣዩ ዓመት ባለቤቱ ኦሊቭ በዚያው በካንሰር ሞተች። ኬተሪንግ በኖቬምበር 1958 በዴይተን በ82 ዓመቱ አረፈ። ከዴይተን አጠገብ ያለች ከተማ ዛሬ በስሙ ትጠራለች።

ከሕይወቱ ለእኛ የሚሆነው አንዱ ነገር ያ ጥያቄ ነው፤ ለስንት ጊዜ? ሰውም ለአፍታ ከመጠኑ በላይ ይበረታል። የረመዳን ማታ፣ የሠርግ ዋዜማ፣ እንግዳ የበዛበት ቀን እንዴት እንደሚታለፍ ታውቁታላችሁ። ያ ለአፍታ የሆነው ጉልበት የየቀኑ መለኪያ ሲሆን ግን ባልዲው ይሞላል። የሞተር ሰሌዳ ከሥሩ ይለጠፋል፤ የእናንተ ሰሌዳ የሥራ ውላችሁና ሕጉ ነው። የኩዌት የ2015፣ የኳታር የ2017 እና የኤምሬቶች የ2022 የቤት ሠራተኞች ሕጎች የሳምንት ዕረፍትን በጽሑፍ አስፍረዋል። ውላችሁ ላይ ዕረፍትን የሚመለከተው ክፍል የት እንዳለ ካላወቃችሁ፣ ዓረብኛ የሚያነብ የምታምኑትን ሰው አስነብቡት።

ኸላጡን ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ስታጸዱት ከሶኬት ነቅላችሁ ገልብጡትና ሥሩን እዩ። ደቂቃው እዚያ ተጽፎ ይሆናል።